የቀሩትስ የት ገቡ?

አንባቢዎች ሆይ፤ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጸሐፊውን ጠርቶ «የሠራተኞቻችንን የሥልጠና ውጤት በዝርዝር አቅርብልኝ» ብሎ አዘዘው እንበል። ጸሐፊው ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዝርዝሩን አወጣና አቀረበ። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስም ሁሉ ትክክል ነው፤ ከስሙ አንጻር የተጻፈውም ነጥብ ትክክል ነው። ኃላፊው ተደስቶ ፈረመበት። ይሁን እንጂ ለሥልጠና ጨርሶ ያልተላኩት ሠራተኞች በዝርዝሩ ላይ የሉም። ስማቸው በስሕተት የተጻፈ አይደለም፤ ከነጭራሹ አልተጻፈም። በኋላ በዚሁ ዝርዝር መሠረት የደረጃ ዕድገት ሲሰጥ፥ እነዚህ ሰዎች በሌሉበት ተፈረደባቸው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው ሁልጊዜ ከክፋት ወይም ከስንፍና አይደለም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ለኮምፒዩተሩ በቀረበው ጥያቄ ውስጥ አንዲት ቃል መጉደሏ ነው። ዛሬ ልናጫውታችሁ የምንፈልገው ስለዚህች ቃል ነው፤ በሙያው ቋንቋ «አውተር ጆይን» ትባላለች። ተማሪዎች የሆናችሁ ነገ፥ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ታገኟታላችሁና ጠባይዋን ማወቁ ይጠቅማል።

ነገሩ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ኤድጋር ኮድ የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1923 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በፖርትላንድ ደሴት ተወለደ። በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተማረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ ሆኖ አገለገለ፤ ከጦርነቱ በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተቀጠረ። በ1970 ዓ. ም. በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ ከተማ በነበረው የኩባንያው የምርምር ጣቢያ ሲሠራ፥ ብዙ ሰዎች በጋራ ስለሚጠቀሙባቸው ታላላቅ የመረጃ ክምችቶች አንድ ጽሑፍ አሳተመ። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ መረጃ ሁሉ ረድፍና ዓምድ ባላቸው ሠንጠረዦች ይቀመጥ፤ ሠንጠረዦቹም እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በውስጣቸው በተጻፈው መለያ ቁጥር ወይም ስም እንጂ፥ በማሽኑ ሆድ ውስጥ በተዘረጋ ስውር መንገድ አይሁን፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ይናገር፥ እንዴት እንደሚገኝ ግን ማሽኑ ይወቅበት። ዛሬ ባንኩም፥ ሆስፒታሉም፥ ትምህርት ቤቱም የሚሠራበት «ሪሌሽናል ዳታቤዝ» የተገነባው በዚህ አሳብ ላይ ነው። ኮድ ስለዚህ ሥራው በ1981 ዓ. ም. የኮምፒዩተር ሊቃውንት የሚሸለሙትን ከፍተኛውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ፤ በ2003 ዓ. ም. ዐረፈ።

በዚያው ኩባንያ የነበሩት ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ደግሞ በ1974 ዓ. ም. ሠንጠረዦቹን የሚጠይቁበትን ቋንቋ ይፋ አደረጉ። ይህ ቋንቋ አድጎ ዛሬ ኤስ ኪው ኤል የሚባለው ሆኗል።

ሁለት መዝገብ ስለ ማጣመር

መረጃው በብዙ ሠንጠረዦች የሚከፋፈለው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ቀላል ነው። የአንድ ተማሪ ስምና አድራሻ በየትምህርቱ ማርክ ላይ እየተደጋገመ ቢጻፍ፥ ልጁ ሰፈር በለወጠ ቁጥር አሥር ቦታ ማረም ያስፈልጋል፤ ዘጠኙን አርመን አንዱን ብንረሳ መዝገቡ ራሱን በራሱ ይቃረናል። ስለዚህ ስሙ በስም መዝገቡ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ማርኩ በማርክ መዝገቡ ይጻፋል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የተማሪው መለያ ቁጥር ብቻ ይሆናል። ሙሉ ዝርዝር ሲያስፈልግ ሁለቱ መዝገቦች በመለያ ቁጥሩ አማካይነት ይጣመራሉ። ይህ ማጣመር «ጆይን» ይባላል።

አሁን አንድ ትንሽ ምሳሌ እናድርግ። በስም መዝገባችን ላይ አምስት ተማሪዎች አሉ እንበል፤ 1ኛ አበበ፣ 2ኛ አልማዝ፣ 3ኛ ከበደ፣ 4ኛ ጫልቱ፣ 5ኛ ሐጎስ። በማርክ መዝገቡ ላይ ደግሞ አራት ረድፎች ብቻ አሉ፤ ቁጥር 1 ሰባ ሁለት፣ ቁጥር 2 ሰማንያ ስምንት፣ ቁጥር 3 ስድሳ አምስት፣ ቁጥር 9 ሰማንያ። ጫልቱና ሐጎስ ፈተናውን አልወሰዱም። ቁጥር 9 ማን እንደ ሆነ ደግሞ ከስም መዝገቡ አይገኝም።

ሁለቱን መዝገቦች በተለመደው መንገድ ብናጣምር፥ ማለት «ኢነር ጆይን» በሚባለው፥ ኮምፒዩተሩ ሦስት ረድፎች ብቻ ይሰጠናል። አበበ፣ አልማዝና ከበደ ይወጣሉ። ጫልቱና ሐጎስ ተጓዳኝ ስላጡ ይወድቃሉ፤ ባለቤት ያልተገኘለት ቁጥር 9ም ይወድቃል። ማሽኑ ሦስት ነገሮችን እንደ ጣለ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ምክንያቱም ከሕጉ አንጻር አንዳችም ስሕተት አልሠራም። የጠየቅነው «በሁለቱም መዝገብ ያለውን አምጣ» ብለን ነው፤ እርሱም ታዟል።

«አውተር ጆይን» ከዚህ የሚለየው ተጓዳኝ ያጣውን ረድፍ ባለመጣሉ ነው። የስም መዝገቡን በግራ፥ የማርክ መዝገቡን በቀኝ አድርገን «ሌፍት አውተር ጆይን» ብንል አምስቱም ተማሪዎች ይወጣሉ፤ ከጫልቱና ከሐጎስ አንጻር የማርኩ ቦታ ባዶ ይሆናል። «ራይት አውተር ጆይን» ብንል የቀኙ መዝገብ ይጠበቃል፤ አራት ማርኮች ይወጣሉ፥ ከሰማንያው አንጻር የስሙ ቦታ ባዶ ይሆናል። «ፉል አውተር ጆይን» ብንል ሁለቱም ወገን ይጠበቃል፤ በጠቅላላው ስድስት ረድፎች እናገኛለን።

በእውነቱ ይህ አሠራር ለማናችንም አዲስ አይደለም። በየማለዳው በክፍል ውስጥ የሚደረገው ስም ጥሪ ምንድን ነው? መምህሩ ስም ይጠራል፤ ያለው «አቤት» ይላል፤ ዝም የተባለለትን ስም መምህሩ ከመዝገቡ አይፍቀውም፤ ከአጠገቡ «ቀሪ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። መምህሩ መዝገቡን ትቶ የተቀመጡትን ልጆች ብቻ ቢቈጥር ግን ክፍሉ ሁልጊዜ የሞላ ይመስለው ነበር። የመጀመሪያው አውተር ጆይን ነው፤ ሁለተኛው ኢነር ጆይን ነው።

ባዶ ዜሮ አይደለም

በባዶው ቦታ ላይ የሚቀመጠው ምልክት «ነል» ይባላል። ትርጕሙ «አልታወቀም» ወይም «የለም» ማለት ነው እንጂ ዜሮ ማለት አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በምሳሌያችን የሦስቱ ተማሪዎች ድምር 225 ነው። ኮምፒዩተሩ አማካዩን ሲያወጣ ባዶዎቹን ትቶ ለሦስት ያካፍላል፤ 75 ይሆናል። አንድ ሰው «ባዶው አላማረኝም» ብሎ በባዶው ምትክ ዜሮ ቢያገባ ግን ለአምስት ይካፈልና 45 ይሆናል። ፈተና ያልወሰደ ልጅ ፈተና ወስዶ ዜሮ ካገኘው ልጅ ጋራ አንድ ሆነ ማለት ነው። አንደኛው ምናልባት ታሞ ተኝቷል፤ ሁለተኛው ምናልባት አልገባውም። የሁለቱም መድኃኒት የተለያየ ነው።

በቈጠራም እንደዚሁ ነው። «ረድፉ ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አምስት ይላችኋል፤ «ማርኩ ስንት ነው?» ብትሉት ሦስት ይላችኋል። በአምስትና በሦስት መካከል ያለው ሁለት እናንተ የምትፈልጓቸው ቀሪዎች ናቸው።

ከዚህም ሌላ ነል ከማናቸውም ነገር ጋራ ሲወዳደር መልሱ «እውነት»ም «ሐሰት»ም ሳይሆን «ያልታወቀ» ነው። «ማርኩ ከ50 በላይ ነውን?» ቢባል ያልታወቀ ነው፤ «ከ50 በታች ነውን?» ቢባልም ያልታወቀ ነው። ማጣሪያው ደግሞ የሚያሳልፈው «እውነት» የተባለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከ50 በላይ ያመጡትንና ያላመጡትን ለየብቻ ቈጥሮ የደመረ ሰው ድምሩ ከክፍሉ ቁጥር ቢያንስበት አይደነቅ፤ ቀሪዎቹ ከሁለቱም ወገን ወጥተዋል።

ቃሉ ሕጋዊ እስኪሆን

ኮድ ራሱ በ1979 ዓ. ም. ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ አውተር ጆይንን ከነነሉ በአሳቡ ውስጥ አስገብቶታል። ነገር ግን አሳብና ሥራ ተለያይተው ብዙ ዓመት ቈዩ። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የመጀመሪያው የኤስ ኪው ኤል ደንብ ስለ አውተር ጆይን አንድም ቃል አልነበረውም። ደንበኞቹ ግን ይፈልጉት ነበርና ኩባንያዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምልክት ፈጠሩ። ኦራክል የመደመር ምልክትን በቅንፍ ውስጥ አድርጎ፥ ባዶ ሊሆን ከሚችለው ሠንጠረዥ ዓምድ አጠገብ ማስቀመጥን መረጠ። ሳይቤዝና ከእርሱ የወረሰው የማይክሮሶፍት ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር ደግሞ ከእኩል ይሆናል ምልክት አጠገብ ኮከብ ማድረግን መረጡ። በአንዱ የተማረ ሰው በሌላው ቤት እንግዳ ሆነ።

ችግሩ የምልክት መለያየት ብቻ አልነበረም። በኮከቡ አጻጻፍ ማጣመሪያው ሁኔታና ማጣሪያው ሁኔታ ሁለቱም «ሁዌር» ከሚባለው ቃል በኋላ ተደባልቀው ይጻፉ ነበር። አንድ ሁኔታ የሚፈጸመው ከማጣመሩ በፊት ነው ወይስ ከተጣመረ በኋላ? አጻጻፉ ይህን ለይቶ የማያሳይበት ጊዜ ነበርና ጥያቄው ለሁለት ትርጕም የተጋለጠ ሆነ። የኦራክል ምልክትም ከሁለቱ ሠንጠረዦች በአንደኛው ወገን ብቻ እንጂ በሁለቱም ላይ ሊደረግ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ፉል አውተር ጆይንን በቀጥታ ለመጻፍ አላስቻለም።

በ1992 ዓ. ም. የወጣው ደንብ ነገሩን መልክ አስያዘው። ሌፍት፣ ራይትና ፉል የሚሉት ቃላት ሕጋዊ ሆኑ፤ የማጣመሪያውም ሁኔታ «ኦን» ከሚባለው ቃል በኋላ ለብቻው እንዲጻፍ ተደረገ። ኩባንያዎቹ ግን ወዲያው አልተከተሉም። ኦራክል የደንቡን አጻጻፍ የተቀበለው በ2001 ዓ. ም. በወጣው 9ኛ ዕትሙ ነው። ፖስትግሬስም አውተር ጆይንን ያገኘው በዚያው በ2001 ዓ. ም. ነው። በእጅ ስልኮቻችሁ ውስጥ የሚሠራው ኤስ ኪው ላይት ሌፍትን ብቻ ይዞ ብዙ ዓመት ከቈየ በኋላ፥ ራይትንና ፉልን የጨመረው በ2022 ዓ. ም. ነው። ማይ ኤስ ኪው ኤል በ8ኛው ትውልዱ እንኳ ፉልን አላካተተም፤ በእርሱ የሚሠራ ሰው ሌፍቱን ለብቻ፥ ከሌላው ወገን ተጓዳኝ ያጡትን ለብቻ አውጥቶ ሁለቱን መልሶች በአንድ ላይ መቀጠል አለበት። ስለዚህ ወደ አዲስ መሥሪያ ቤት ስትገቡ «እዚህ የምንሠራበት ዳታቤዝ የትኞቹን ይደግፋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ አስፈላጊም ነው።

ሦስት ወጥመዶች

ቃሏን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ አውተር ጆይን ጽፈው ሳያውቁት ወደ ኢነር የሚመልሱት ብዙዎች ናቸው።

አንደኛው ወጥመድ የሁኔታው ቦታ ነው። የማርክ መዝገቡ የሁለት ሴሚስተር ማርክ ይዟል እንበል፤ እኛ የምንፈልገው የሁለተኛውን ነው። «ሁለተኛ ሴሚስተር» የሚለውን ሁኔታ ከኦን በኋላ ብንጽፈው፥ ማሽኑ በመጀመሪያ የሁለተኛውን ሴሚስተር ማርኮች ብቻ ለይቶ ከስሞቹ ጋራ ያጣምራል፤ ማርክ የሌለው ተማሪ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ከሁዌር በኋላ ብንጽፈው ግን መጀመሪያ ይጣመራል፥ ቀጥሎም ይጣራል፤ ባዶው ረድፍ «ሁለተኛ ሴሚስተር ነህን?» ሲባል መልስ የለውምና ይወድቃል። በግራ እጃችን ያስገባነውን በቀኝ እጃችን አስወጣነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የሚገኘው ሦስተኛ ሠንጠረዥ ሲጨመር ነው። ስሞቹን ከማርኮቹ ጋራ በሌፍት ካጣመርን በኋላ፥ ማርኩን የሰጠውን መምህር ለማወቅ የመምህራኑን ሠንጠረዥ በተራ ኢነር ጆይን ብንቀጥል፥ ማርክ የሌለው ተማሪ የመምህር ቁጥርም ስለማይኖረው እንደ ገና ይወድቃል። ሰንሰለቱን በሌፍት የጀመረ በሌፍት መቀጠል አለበት፤ አለዚያም ማርኮቹንና መምህራኑን አስቀድሞ ለብቻቸው አጣምሮ፥ የተገኘውን ከስም መዝገቡ ጋራ በሌፍት ማገናኘት ነው። በኢነር ጆይን ብቻ ሲሠሩ የትኛው ቢቀድም የሚገኙት ረድፎች አይለወጡም፤ አውተር ሲገባበት ግን ቅደም ተከተሉ መልሱን ይለውጣል።

ሦስተኛው ወጥመድ ቀሪዎቹን ብቻ ስንፈልግ የሚያጋጥም ነው። ዘዴው ሌፍት አውተር ጆይን አድርጎ፥ በቀኝ በኩል ባዶ የሆኑትን ረድፎች ብቻ ማስቀረት ነው። ነገር ግን «ባዶ» የምንለው የትኛውን ዓምድ ነው? ማርኩን ብለን እንደ ሆነ፥ ፈተናውን ወስዶ ወረቀቱ ገና ያልታረመለት ተማሪ በመዝገቡ ላይ ረድፍ ኖሮት ማርኩ ብቻ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ያለ ጥፋቱ ከቀሪዎች ይደመራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት በቀኙ መዝገብ ውስጥ በምንም ምክንያት ባዶ ሊሆን የማይችለው ዓምድ፥ ማለት መለያ ቁጥሩ ነው።

ከግምጃ ቤቱ ደጃፍ

በንብረት ክፍል ለምትሠሩ ደግሞ ሁለት ምሳሌ እንጨምር። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው እንደ ሆነ፥ የገቢውን ሠንጠረዥ ከወጪው ጋራ በሌፍት አውተር ጆይን ብታጣምሩ፥ የወጪው ወገን ባዶ የሆነበት ዕቃ ሁሉ ዛሬ በመደርደሪያው ላይ መገኘት ያለበት ነው። በኢነር ጆይን ብታደርጉት የምታገኙት ገብቶ የወጣውን ብቻ ነው፤ ስላለው ዕቃ ምንም አትሰሙም።

በዓመቱ መጨረሻ ቈጠራ ሲደረግ ግን ሌፍትም አይበቃም። መዝገቡን ከቈጠራው ጋራ በፉል አውተር ጆይን ማገናኘት ያስፈልጋል። በሁለቱም የተገኘው ዕቃ ደኅና ነው። በመዝገብ ኖሮ በቈጠራ የታጣው «የት ገባ?» ያሰኛል። በቈጠራ ተገኝቶ በመዝገብ የሌለው ደግሞ «ከየት መጣ?» ያሰኛል። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው እነዚህኑ ሁለት ጥያቄዎች ነው፤ በኢነር ጆይን የተሠራ ሪፖርት ሁለቱንም አስቀድሞ ያጠፋቸዋል። በዚያ ሪፖርት ላይ ጐደሎም ትርፍም የለም፤ ሁሉም ልክ ነው። እንዲህ ያለው ልክነት ግን ግምጃ ቤቱን አይጠብቅም።

ከመፈረም በፊት

ይህን ስንል ኢነር ጆይን መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። የደመወዝ መክፈያ ሲዘጋጅ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያላቸውን ብቻ ወደ ባንክ መላክ ይገባል፤ ባዶ ቁጥር ለባንኩ አይረባውም። ይሁንና በዚያው ቀን የባንክ ቁጥር የሌላቸው ሠራተኞች ዝርዝር ለብቻው ወጥቶ ለሚመለከተው ክፍል ካልደረሰ፥ ወሩ ሲያልቅ ደመወዝ ያልደረሰው ሰው በየቢሮው ደጃፍ ሲመላለስ ይታያል። የማጣመሪያው ዓይነት የሚመረጠው ከጥያቄው ነው። «ያሉትን አሳየኝ» ከሆነ ኢነር ይበቃል። «ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ማን አለው፥ ማንስ የለውም?» ከሆነ አውተር ግድ ነው። የተከተበና ያልተከተበ ሕፃን፥ ግብር የከፈለና ያልከፈለ ነጋዴ፥ መጽሐፍ የደረሰውና ያልደረሰው ተማሪ፥ ጥያቄያቸው ሁሉ ከሁለተኛው ወገን ነው።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ ማናቸውንም ከዳታቤዝ የወጣ ዝርዝር ከማቅረባችሁ ወይም ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አድርጉ። በዋናው መዝገብ ላይ ያለውን ብዛት አስቀድማችሁ ለብቻው ቍጠሩ። ከዚያም የሪፖርቱን ረድፎች ቍጠሩና አወዳድሩ። መዝገቡ 45 ብሎ ሪፖርቱ 38 ካለ የሰባቱን ስም ሳታውቁ ከወንበራችሁ አትነሡ። ሪፖርቱ ከ45 በላይ ሆኖ ከተገኘም አትደሰቱ፤ አንዱ ስም ከብዙ ረድፍ ጋራ ተጣምሮ ተደጋግሟል ማለት ነውና እርሱንም መርምሩ። ይህ ሥራ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ከሰባቱ መካከል አንዱ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠባበቀው ነገር በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ሊሆን ይችላል።